የሰው ተራ

በቀን የሚተኛን ሰው እንቅልፍም ይንቀዋል። ፕሪሚቲቮ ሳላዛር፣ አገር ቤትም እዚህም ቲቮ የሚሉት፣ ሌሊቱን በሆቴሉ ባር ለሰከሩ ቱሪስቶች ኪቦርድ ሲመታ አድሮ አሁን በቀትር አልጋው ላይ ተጋድሟል፤ ተኝቷል ማለት ውሸት ይሆናል። ከመጋረጃው ውጭ ፔናንግ በፀሐይ ትቀቀላለች፣ ሞተር ብስክሌቶች ይጮኻሉ፣ ከደረጃው ሥር ያለው ኑድል ጠባሽ መጥበሻውን በጭልፋ ይደበድባል፣ መጥበሻው ምን እንዳጠፋ እሱ ነው የሚያውቀው፣ ጣሪያው ላይ ያ አሮጌ ማራገቢያ እየተንቋቋ ይዞራል፣ ወደቅሁ ወደቅሁ እያለ ሲያስፈራራው ስንት ዓመት ሆነው፣ ለመውደቅ እንኳ ወኔ የለውም። ቲቮ ማራገቢያውን ይንቀዋል። የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ ይንቀዋል፣ "እስኪ ለሚስቴ" እያሉ በየምሽቱ ያንኑ የፍቅር ዘፈን የሚያዘፍኑትን ፊተ ቀይ ባሎች ይንቃቸዋል፣ ከሁሉ አብልጦ ግን ሐሙስን ይንቃል፣ ዛሬ ሐሙስ ነውና፤ ከሥራ በፊት ሄዶ መጠጥ በሌለበት ቤት ከሰካራሞች ጋር ሊቀመጥ ነው። ከሰካራም ጋር መቀመጥ ካልቀረ መጠጡ ምን በደለ? ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልቀመሰም። እጁን ወደ ብርሃኑ አንስቶ ያየዋል፣ ጣቶቹ ማንም ሳያዛቸው ይጫወታሉ፣ ደግሞ ሲጫወቱ ምት አይጠብቁም፣ እጁንም ናቀው።

ያልጠጣው ለጤናው ብሎ አይደለም። ልጁ ማሪሴል በስልክ እንዳታሸተው ነው። ስልክ ሽታ አያስተላልፍም የሚል ሰው ማሪሴልን አያውቃትም፤ ባሕር ማዶ አገር ቤት፣ ኦቶን ላይ ሆና አባቷ "ሄሎ" ሲል ስንተኛው ብርጭቆ ላይ እንዳለ ትነግረዋለች። አንዲት ልጁ ናት። በዚህ ወር መጨረሻ ታገባለች። እሑድ ስትደውል ድምፅዋ እንደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሰው ድምፅ ነበር፣ እሱ ደግሞ እንዲህ ስትሆን ይፈራታል፣ ስለሚፈራትም ቀድሞ ይስቃል።

"አባዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ይዞኝ የሚገባው ሰው ጉዳይ ነበር።"

"ምን ጉዳይ አለው? አባትሽ እያለሁ።"

"አጎቴ አምቦይ ልብስ እያሰፋ ነው።"

አምቦይ! የሟች ሚስቱ ወንድም፣ የአሳማ ነጋዴው አምቦይ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ መክተት የሚከብደው አምቦይ፣ እናቷ ከሞተች በኋላ ልጅቱን ያሳደገው። ማሳደጉንማ አሳድጓል፣ ማን ካደ፣ ግን አሳማም ያሳድጋል። ቲቮ ይህን ሊላት ሲል ዋጠው፣ አሁንም አልጋው ላይ ሆኖ እንደገና ይውጠዋል፣ አይወርድለትም።

"ስማኝ አባዬ። እዚያ አገር መጠጥ የተዉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ አይጠፋም። ፈልግ። አንድ ቀን ሄደህ ቁጭ በል፣ አፍህን ከፍተህ ተናገር፣ ከዚያ ደውልና ምን እንዳልካቸው ንገረኝ። ይህን ካደረግክ አንተ ትይዘኛለህ፣ አጎቴ አይቀየምም፣ ነግሬዋለሁ። ካላደረግክ ቲኬት አትቁረጥ።"

"እንግዳ ሆኜም አልመጣም?"

"እንግዳ ሆነህማ ስንት ጊዜ መጣህ። እንዳትዋሸኝ ደግሞ። ውሸትህን በዜማው ነው የማውቀው።"

ስልኩ ሳይዘጋ ሊዋሻት ወሰነ። ምን ያስፈራዋል፣ ዕድሜውን ሙሉ የሚበላው በዜማ አይደል? ችግሩ ውሸት የቤት ዕቃ ይፈልጋል። ወንበሩ ምን ዓይነት ነበር ትለዋለች፣ ማን አጠገብህ ተቀመጠ ትለዋለች፣ ሻይ ነው ቡና ትለዋለች፤ ይህችን ልጅ ፖሊስ ቢቀጥራት ወንጀለኛ ባልቀረ ነበር። ስለዚህ ሄዶ ወንበሮቹን ማየት አለበት፣ አይቶ መውጣት፣ ሌላውን እሱ ያቀናብረዋል። ደግሞም ተናገርኩ የሚላት ንግግር ገና ሰኞ ዕለት ተዘጋጅቶ አልቋል። ለሟች ሚስቱ የገባው ቃል አለበት፣ መሐሉ ላይ ድምፁ የሚሰበርበት ቦታ አለው፣ ገላውን ሲታጠብ ሦስት ጊዜ ተለማምዶታል፣ በሦስተኛው ራሱም ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ወንበሮቹን ማግኘት ግን እንዲህ ከባድ ይሆናል ብሎ ማን አሰበ? መስከር የፈለገ ሰው በዚህ ከተማ ዓይኑን ጨፍኖ ቢራመድ ይሰክራል፣ መተው የፈለገ ግን መጀመሪያ ስልክ መደወል አለበት። ደወለ። አንዲት ሴት አነሳች፣ ሴት እንኳ አይደለችም፣ የተቀዳች ድምፅ ናት፣ ለማላይኛ ይህን ይጫኑ ለቻይንኛ ያንን ይጫኑ አለችው፣ ተጫነ፣ ከዚያ ሙዚቃ ለቀቁበት፣ ያውም ከቅኝቱ የወጣ ዋሽንት፣ ለሰካራም እንዲህ ያለ ዋሽንት ማሰማት ተው ነው ወይስ ጨምር ነው? ቢሮው ዝግ መሆኑን ለመንገር ያን ሁሉ ነፉበት። በማግስቱ ክሊኒክ ሄደ፣ መስተዋት ጀርባ ያለችው ልጅ ፓስፖርት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የአሠሪዎ ስልክ አለችው። አሠሪዬ ምን ያደርግልሻል ሲላት እናሳውቀዋለን አለች፣ ፈገግ ብላ፣ ስለ ልደት ግብዣ የምታወራ ይመስል። ወጥቶ ሄደ። የአገሩ ሰዎችማ አሉ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባሉ፣ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ችግሩም እሱ ነው፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያስነጠሰ ሰው ኦቶን ላይ "ይማርህ" ይባላል። ቲቮ ከአገሩ ከኢሎኢሎ የመጣ አንድም ሰው የማይደርስበት ቤት ፈለገ፣ በመጨረሻም የሚያውቅ ሰው ቢጠፋ ሁዋት ዘንድ ሄደ፣ የሩዝ አረቄውን የሚገዛው ከሁዋት ሱቅ ነው።

"ስማ ሁዋት፣ ደንበኞችህ ሲያቆሙ የት ነው የሚሄዱት?"

"የሚሞቱት ነው ወይስ የሚተርፉት?"

"የሚተርፉት።"

ሁዋት መሬቱ ላይ ምራቁን እንትፍ አለ። "ከብስክሌት ጠጋኙ ጀርባ፣ ሐሙስ ሐሙስ። ኩ የሚባል የጌጥ ዓሣ ሻጭ አለልህ፣ ድሮ የኔ ምርጥ ሰው ነበር፣ እንደሱ የሚጠጣ አላየሁም፣ አሁን እሱ ነው የሚሰበስባቸው። ስንት ሰው ወሰደብኝ መሰለህ። አንተም ልትሄድብኝ ነው?"

"ኧረ ለወዳጄ ነው።"

"ሁሉም ለወዳጁ ነው የሚጠይቀኝ" አለና ሁዋት ወደ ሒሳቡ ተመለሰ።

እና አሁን ተነሥቷል፣ ፊቱን ታጥቧል፣ ከብስክሌት ጠጋኙ ጀርባ ገብቷል፣ እንዴት እንደመጣ አያስታውስም፣ ምንም ሳይጠጣ የመጣበትን መንገድ ሲረሳ የመጀመሪያው ነው። ክፍሉ የጎማ ማስቲሽ ይሸታል። ወንበሮቹ ፕላስቲክ ናቸው፣ ሰማያዊ፣ አንዱ እግሩ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ፤ ይህን ያዝ ቲቮ፣ ማሪሴል ሽቦውን ትወደዋለች። ሻይ ነው፣ ወተቱ ከቆርቆሮ የተገለበጠ፣ ጣፋጭነቱ ጥርስ ያሳምማል። ብስኩቱ ከዓሣ ምግብ ጋር አብሮ ሳይገዛ አይቀርም። ሰዎቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ታጥበዋል፣ ሁሉም ፀጉራቸውን አበጥረዋል፣ ሰካራም ሲታጠብ እንዴት ያሳዝናል! ኩ የተባለው ሰውዬ ቀጭን ነው፣ የአንገቱ ቆዳ የሌላ ሰው ሸሚዝ የለበሰ ያስመስለዋል፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ዓሦቹን እንዳያስደነግጥ የለመደው ነው መሰል።

"እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። መናገር የፈለገ ይናገራል፣ ያልፈለገ ይለፈኝ ይላል። ተራው በቀኝ ነው የሚዞረው።"

በቀኝ ነው የሚዞረው። ቲቮ ሳቁ መጣ፣ ዋጠው። ኦቶንም በቀኝ ነው የሚዞረው። እዚያ ወንዶቹ ሲመሽ እንዲህ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ ብርጭቆው አንድ ነው፣ ቀጂውም አንድ ነው፣ ቀጂው ይቀዳል፣ ተራህ ሲደርስ ትጨልጣለህ፣ ባዶውን ትመልሳለህ። አልጠጣም ማለት ቀጂውን በጥፊ መምታት ነው። ግን አንድ መውጫ አለ፤ ተራው የደረሰ ሰው አቅቶት ብርጭቆውን ይዞ ሲያፈጥ፣ አጠገቡ ያለ ሰው እጁን ዘርግቶ "የሱን እኔ እወስዳለሁ" ካለ ወሰደ ነው፣ ማንም አይቃወምም፣ አቅቶት የነበረውም አያፍርም። የወሰደው ሰው ግን እስከ ጭላጩ መጠጣት አለበት። የራስህን ብታፈስ ይሳቅብሃል፣ ለሰው ብለህ የወሰድከውን ማፍሰስ ግን ነውር ነው፣ ሰውየውን ሁለተኛ ማዋረድ ነው። ቲቮ በዚህ የታወቀ ነበር። የደካማ ተራ ሲያይ አያስችለውም፣ በደግነቱ የሰከረ ሰው ካለ ቲቮ ነው፣ ቢያንስ ለራሱ የሚነግረው እንደዚያ ነው።

ተራው ይዞራል። ሴልቫም የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ሚስቴ ማናገር ጀመረችኝ አለ፣ ይህን ለመናገር ከመወለዱ ነው የጀመረው፣ መግቢያው ረዘመ፣ አዝማች የለው፣ ቲቮ በልቡ ቆረጠው። ሌላው ሰውዬ ዛሬ በሁዋት ሱቅ በር አለፍኩ አለ፣ አለፍኩ፣ በቃ፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀለት፣ ተራራ የወጣ ይመስል። እነዚህ ናቸው? ለእነዚህ ሰዎች ነው ያን የመሰለውን ንግግር የሚያባክነው? የሆቴሉ ሰካራሞች እንኳ ሲሰሙ ያጨበጭባሉ። ለማንኛውም የእሱ ተራ ከአንዲት ሴት በኋላ ነው፣ ይለፈኝ ይላል፣ ሻዩን ይጨርሳል፣ ይወጣል፣ ደውሎ ለማሪሴል ያን የተለማመደውን ያወርድላታል፣ አምቦይ ልብሱን ለአሳማዎቹ ያልብሳቸው።

ከሱ በፊት ያለችው ሴት ፑሽፓ ነው ስሟ፣ ኩ ነው የጠራት፣ የሆስፒታል አንሶላ የምታጥብ፣ እጆቿ በሳሙና ነጥተው የተላጡ። ተራዋ ደረሰ። አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ይለፈኝ በይ፣ አለ ቲቮ በልቡ፣ ይለፈኝ በይና ገላግይን። አላለችም። መናገር ፈልጋለች፣ ይሄ ነው ክፋቱ፣ ፈልጋ አቃታት፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ጭኗ ላይ ያለው እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እጇ የሱን እጅ ይመስላል፣ ደግሞ እነዚያ የታጠቡ ሰካራሞች ዝም ብለው ይጠብቃሉ፣ አንድም ሰው እጁን አይዘረጋም፣ ይህ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው፣ አገር የላቸውም እንዴ፣ ሰው እንዲህ እያፈጠ ይተዋል?

እጁ ተዘርግቷል። የራሱ እጅ ነው፣ መዳፉ ወደ ላይ፣ ፑሽፓ ፊት። "የሷን እኔ እወስዳለሁ" ሲል ራሱን ሰማ።

ሁሉም ዞረው አዩት። ፑሽፓም አየችው። መዳፉ ላይ ምንም የለም፣ የሚያስቀምጡበትም የላቸውም፣ እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፋው። ሴልቫም ሳቅ አለ፣ ክፉ ሳቅ አይደለም፣ ግን ሳቅ ነው።

"እዚህ የሰው ተራ አይወሰድም ወንድሜ" አለ ኩ በዚያ የዓሣ ድምፁ።

"አውቃለሁ" አለ ቲቮ፣ አያውቅም። "አሁን ግን ወሰድኩት። በአገራችን ከወሰድከው አይመለስም።"

ኩ ፑሽፓን አያት። እሷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፣ የደከማት ሰው ሸክሙን ሲያወርዱለት እንደሚያደርገው። "በል እንግዲህ" አለ ኩ።

ንግግሩ አለ፣ ተዘጋጅቶ ቁጭ ብሏል፣ መግቢያው፣ ሟች ሚስቱ፣ ድምፁ የሚሰበርበት ቦታ። ቲቮ አፉን ከፈተና የመጀመሪያውን ቃል ሊያወጣ ሲል ሴትየዋ ታየዋለች፣ አንገቷን ወደ እሱ አስግጋ፣ በሷ ፈንታ የሚባለውን ልትሰማ፣ እና የወሰዱትን የማፍሰስ ነውር ትዝ አለው። ለራሱ ቢሆን ውሃ ቀድቶ አረቄ ነው ይል ነበር፣ ስንት ጊዜ አድርጎታል። የሰው ተራ ላይ ውሃ አይቀዳም። ከየት እንደመጣበት ሳያውቅ ሌላ ነገር ጀመረ፣ ያልተለማመደውን፣ እየተንተባተበ፣ ያለ አዝማች። በእኛ አገር፣ አለ፣ ሴት ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ትልቅ ድግስ ይደገሳል፣ አሥራ ስምንት ወንዶች አንድ አንድ ጽጌረዳ ይዘው በየተራ ያስደንሷታል፣ የመጨረሻው አባቷ ነው። ልጄን አስደንሻታለሁ። ፎቶ አለ፣ ጉንጯን ጉንጬ ላይ አድርጋለች፣ ጆሮዋ ሥር የሆነ ነገር እላታለሁ። ሰው ሁሉ አለቀሰ ይላሉ። እኔ አላስታውሰውም። ጽጌረዳውን አላስታውስም፣ ዘፈኑን አላስታውስም፣ ከሰዓት በኋላ ከአዳራሹ ጀርባ ክብ ሠርተን ስንቀመጥ ትዝ ይለኛል፣ ከዚያ ቀጥሎ ትዝ የሚለኝ በማግስቱ ነው። ልጄ አንዳንዴ፣ አባዬ፣ ያን ያልከኝን ታስታውሳለህ? ትለኛለች። እንዴት እረሳዋለሁ እላታለሁ። ከዚያ ዝም ትላለች። ምን እንዳልኳት አላውቅም። ይኸው ነው።

"እናመሰግናለን" አሉ ሁሉም በአንድ ላይ፣ እንደ ተማሪ።

ይኸው ነው? አንድ ሰው እንኳ አላለቀሰም? ቲቮ ዓይኑን ከአንዱ ወደ አንዱ ያንከራትታል፣ ሴልቫም ሻዩን ያማስላል፣ ሌላው ሰውዬ ብስኩት ያነሳል፣ በሕይወቱ አውጥቶት የማያውቀውን አውጥቶ ምራቁ ደርቆ ተቀምጧል እነሱ ግን አናቱን እንኳ አልዳበሱትም፣ ምን ዓይነት ታዳሚ ነው ይሄ! ተናደደ። መናደዱ ደስ አለው፣ ንዴትን ያውቀዋል። ያኔ ጎኑ ያለችው ሴት ጉሮሮዋን ጠራረገች።

"ፑሽፓ እባላለሁ" አለች። "ለዛሬ ይኸው ይበቃኛል።"

"እናመሰግናለን" አሏት፣ እኩል፣ ለሱ ባሉበት በዚያው ድምፅ።

ሥራ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ከሆቴሉ ጀርባ የወጥ ቤቱ ቆሻሻ ከሚጣልበት አጠገብ ቆሞ ደወለ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፣ የባሕሩ ሽታና የዘይቱ ሽታ ተደባልቋል። ማሪሴል ወዲያው አነሳች።

"አልጠጣህም" አለች።

"ሄሎ አይባልም?"

"ሄሎ። ሄድክ?"

"ሄድኩ።"

"ወንበሩ ምን ዓይነት ነበር?"

አላልኳችሁም? ቲቮ ነገራት፣ ሰማያዊ ፕላስቲክ፣ አንዱ በሽቦ የታሰረ፣ ሻይ ከቆርቆሮ ወተት ጋር፣ የዓሣ ነጋዴ፣ የጎማ ማስቲሽ። በዓሣ ነጋዴው ሳቀች። ስትስቅ እናቷን ትሆናለች። ድምፅዋ ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ ቤት ገባ፣ ይሰማዋል፣ አንድ እርምጃ ቀርቶታል፣ የሴት ልጁን ክንድ በክንዱ ሥር ይዞ በዚያ ረጅም ምንጣፍ ላይ ሲሄድ፣ አምቦይ ከኋላ ወንበር ላይ ሲያልበው ይታየዋል።

"እሺ፣ ምን አልካቸው?"

እዚህ ላይ ነው የተለማመደው የሚገባው። እንዴት ያለ ቆንጆ ንግግር ነበር! ለእናትሽ የገባሁትን ቃል ነገርኳቸው ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፣ ዛሬ ሰዎቹን አይቷል፣ ዜማው አይሳሳትም፣ ታምነዋለች። እውነቱን ከነገራት ግን ያን ዳንስ ይወስድባታል፤ ከአባቷ ያላት አንድ መልካም ነገር እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ የትኛው ደግነት እንደሆነ አላወቀም። እንዲህ አድርጎ የሚያምታታውን እውነትንም ናቀው።

"የአሥራ ስምንት ዓመትሽን ዳንስ አላስታውሰውም አልኳቸው" አለ።



"ምኑን ነው የማታስታውሰው?"

"ምኑንም። ልብስሽን ከፎቶው ነው የማውቀው። ምን እንዳልኩሽ አላውቅም። አስታውሳለሁ ስልሽ ስዋሽሽ ነው የኖርኩት።"

ከወጥ ቤቱ አንድ ሰው ውሃ ደፋ፣ ውሃው በጫማው ሥር አለፈ፣ እግሩን አላነሳም። ጠፋ፣ አለ በልቡ፣ ሁሉም ጠፋ፣ ልብሱ ለአምቦይ ያምርበት።

"ከነገ ጀምሮ አልጠጣም ነው ያልከኝ" አለች ማሪሴል።

"መቼ?"

"ያኔ ነዋ። ጆሮዬ ሥር። ለማንም አልነገርኩም፣ ላንቺ ብቻ ነው አልከኝ። እኔም አመንኩህ። በማግስቱ ጠዋት ስነሣ ከጓሮ ከእነ አጎቴ ጋር ብርጭቆ ይዘህ አገኘሁህ። ቀና ብለህ አየኸኝና ሳቅክ።" ድምፅዋ ተሰበረ፤ ማንም ሳያለማምዳት ተሰበረ። "ታስታውሳለህ ወይ እያልኩ የምጠይቅህ ለዚያ ነበር። እንዴት እረሳዋለሁ ትለኛለህ። እያወቅህ የሳቅክብኝ መስሎኝ ነው የኖርኩት አባዬ። ይህን ሁሉ ዓመት።"

ቲቮ ግድግዳውን ተደገፈ። ሰው ሁሉ ያለቀሰለት ያ ዳንስ፣ ፎቶው፣ ጽጌረዳው፣ ለካ ውስጡ ይህ ነበር፣ እሷ ብቻዋን ተሸክማው ነበር። ማልቀስ አማረው፣ አልመጣለትም፣ ሁልጊዜ በሐሰቱ ነበር የሚመጣለት።

"በል" አለች።

"ምን ልበል?"

"እሱኑ። አሁን አልሰከርክም። በለውና አንተ ትይዘኛለህ።"

ቀላል ነው። ሦስት ቃል ነው። በየሌሊቱ ለማያውቃቸው ሰዎች እስከ መቃብር እወድሻለሁ የሚል ሰው ሦስት ቃል ያቅተዋል? ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ምንም አልወጣም። ማሪሴል ትጠብቃለች፣ በዚህኛው ተራ ላይ እጁን የሚዘረጋለት ሰው የለም።

"አልችልም ማሪሴል" አለ። "አሁን ካልኩት አስታውሰዋለሁ።"

የትንፋሿን ድምፅ ይሰማል። ኦቶን ላይ አንድ ውሻ ይጮኻል፣ አንድ ሰው በሩቁ ስሟን ይጠራታል፣ መጣሁ አለች፣ ለዚያ ሰው ነው፣ ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰች።

"እንግዲያው ሳትለው ና" አለችውና ዘጋችው።